እህቴ ኮቦል ስትማር

ልጅ እያለሁ ቤታችን ውስጥ ከቁርዓን ቀጥሎ ከፍ ብሎ የሚቀመጠው መጽሐፍ የኮቦል መማሪያ ነበር። ኮቦል በዚያ ዘመን ለኮምፒዩተር ትእዛዝ ከሚጻፍባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። መጽሐፉ የእኛ አልነበረም፤ ታላቅ እህቴ ሶፊያ ከመሥሪያ ቤቷ ተውሳ ያመጣችው ነው። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ስሙን ከመጻፍ ያለፈ ትምህርት አልነበረውም። ግን መጽሐፉን በጋዜጣ የለበደው እሱ ነው። "የሰው አደራ ነው" ብሎ እጃችንን ሳንታጠብ እንዳንነካው ከለከለን። እሱ ራሱ ከመንገድ ሲመለስ፣ እጁ ናፍጣ እየሸተተ፣ ከሩቅ ቆሞ ያየው ነበር።

ሶፊያ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ካርድ ትበሳ ነበር። ይህን ለዛሬ ልጆች ስነግራቸው ይስቁብኛል። ኮምፒዩተሩ አንድ ሙሉ ክፍል የሚይዝ፣ ሙቀት የማይወድ፣ ነጭ ጋዋን የለበሱ ሰዎች የሚንከባከቡት ማሽን ነው። የሚያነበው ጠንካራ ወረቀት ላይ የተበሱ ትናንሽ ቀዳዳዎችን ነው። አንድ የትእዛዝ መስመር አንድ ካርድ፣ አንድ ፕሮግራም በላስቲክ የታሰረ የካርድ ክምር ማለት ነበር። ሶፊያ ቀኑን ሙሉ ሌሎች የጻፉትን እያየች ትበሳለች። የምትበሳው ነገር ምን እንደሚል ማወቅ ግን ከሥራዋ አይቆጠርም።

የተበላሹትን ካርዶች ለእኔ ታመጣልኝ ነበር። የአስራ አንድ ዓመት ልጅ፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ካርዶቹ እንደ አዲስ ደብተር ይሸቱ ነበር። ቀበና ወንዝ ዳር ካለው ቤታችን ደጃፍ ተቀምጬ ፀሐይ ላይ ስይዛቸው፣ በቀዳዳዎቹ የሚያልፈው ብርሃን ቀሚሴ ላይ ይበተናል። ከሰፈር ልጆች ጋር አውቶቡስ ስንጫወት ትኬታችን እነሱ ነበሩ። እናቴ ደግሞ የሚንገዳገደውን ጠረጴዛ እግር ታስደግፍባቸዋለች።

መጽሐፉን ያዋሷት የክፍሉ ዋና ፕሮግራመር አቶ ግርማ ናቸው። ሌሎቹ ፕሮግራመሮች ግን "ሶፊያ ደግሞ መብሳቱን ትታ ልትጽፍ ነው" እያሉ ያሾፉባት ነበር። እሷ አልሰማችም። ከሥራ ስትመለስ ሻርፗን ትፈታና ጠረጴዛው ላይ ባለ ካሬ ወረቀት ትዘረጋለች። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ካሬ አለው፤ ሰማንያ ካሬ በአንድ መስመር። ፊደሉ ከቦታው አንድ ካሬ ቢዛነፍ ማሽኑ አይቀበልም። አጠገቧ ተቀምጬ የምትጽፈውን እየገለበጥኩ እኔም ለመድኩ። ሙቭ ማለት ውሰድ፣ አድ ማለት ደምር፣ ስቶፕ ረን ማለት ሥራህን አቁም። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን አንድ ቀን በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሥሩ ሲሉን፣ እኔ ተነስቼ የኮቦል ትእዛዝ ተናገርኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ከቤታችን ሰው ሁሉ ኮቦልን በጨዋታ የወሰደው ወንድሜ ጀማል ነው። አስራ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ አስራ ሁለተኛ ክፍልን ሊጨርስ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ልጅ። ሶፊያ ስትታክት "እኔ ማሽኑ ልሁን፣ እዘዢኝ" ይላታል።

"ተነስ። ወደፊት ተራመድ" ትለዋለች።

ይራመዳል። ግድግዳው ጋ ደርሶ ግንባሩን እያጋጨም መራመዱን አያቆምም።

"ኧረ ቁም!" ትላለች እናቴ ከጓዳ ሆና።

"በኮቦል ካልተባልኩ አልቆምም!" ይላል እሱ፤ ኖራው ግንባሩ ላይ ተለጥፎ። ሶፊያ እየሳቀች "ስቶፕ ረን!" ስትለው እንደ ዛፍ መሬት ላይ ይወድቃል። እናቴ "ይህ ልጅ ሰው ሳይሆን ሊያረጅ ነው" ትል ነበር።

ሶፊያ ለመጀመሪያ ሥራዋ የመረጠችው የቀን ነገር ነው። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ግማሹ ሰነድ በእኛ ቀን አቆጣጠር፣ ግማሹ በፈረንጅ ይጻፋል። ጸሐፊዎቹ በጣታቸው እየቆጠሩ ይለውጡታል፤ ይሳሳታሉም። ስህተቱ ሲመጣ የምትወቀሰው ካርድ በሺዋ ናት። ስለዚህ የእኛን ቀን ሲሰጡት የፈረንጁን የሚነግር ፕሮግራም ልትጽፍ ተነሳች። አቶ ግርማ "በምሳ ሰዓት ማሽኑ ሲያርፍ ሞክሪው፤ ግን ማንም እንዳያይሽ" አሏት።

የመጀመሪያውን ለመጻፍ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ፈጀባት። ማሽኑ በሁለት ገጽ ሙሉ የስህተት ዝርዝር መለሰላት። ያን ቀን ቤት ገብታ ምሳ ዕቃዋን እንኳ ሳታስቀምጥ አለቀሰች። በማግስቱ ለካ ጥፋቱ አንድ ነው፤ አራተኛው መስመር ላይ አንዲት ነጥብ ረስታለች፤ የቀረው ሁሉ ከዚያች የተከተለ ነው። ሁለተኛው ሙከራ አለፈ፤ ግን የጳጉሜን ቀን ስትሰጠው ማሽኑ ጭጭ አለ። መጽሐፉን ተከትላ ለአስራ ሁለት ወር ብቻ ነበር ቦታ ያዘጋጀችው። ጀማል "ፈረንጅ አስራ ሦስተኛ ወር የት ያውቅና!" ብሎ ሳቀባት። እሷ ግን ወረቀቱን ሁሉ እንደገና ጀመረች። ጳጉሜን መፈተኛ ስላደረገቻት መልሶቿን እኔም በቃሌ ያዝኳቸው። ጳጉሜ አንድ ሴፕቴምበር ስድስት፣ ጳጉሜ ሁለት ሴፕቴምበር ሰባት። ገመድ ስዘል እንደ መዝሙር እላቸው ነበር።

በመጋቢት አንድ ቀን ዳርና ዳሩ ቀዳዳ ያለው ረጅም ወረቀት ጠቅልላ መጣች። ሠርቷል። የሁላችንም የልደት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ታትሞበታል። አባቴ ወረቀቱን ሁለት እጁ ላይ ዘረጋው። እናቴ "ኢድ መቼ እንደሚውልስ ይናገራል?" አለች።

"ኢድ በጨረቃ ነው፣ እማ።"

"እንዲህ ከሆነማ ገና ነው" አለች እናቴ፤ ሁላችንም ሳቅን። አምስታችን አንድ ላይ ስንስቅ የማስታውሰው የመጨረሻ ቀን ያ ነው።

በሚያዝያ የብሔራዊ ውትድርና ስም ዝርዝር ቀበሌያችን በር ላይ ተለጠፈ። የጀማል ስም ከላይ ሦስተኛው ነበር። ከሰፈራችን ቀደም ብለው ከሄዱት ልጆች አንዱ ያለ እግሩ ተመልሶ ነበር፤ ሁለቱ አልተመለሱም። አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከእናቴ ጋር ተነጋገረ። በማግስቱ ጧት ጀማል ቤት አልነበረም። ቀበሌዎች መጥተው ሲጠይቁ አባቴ "ወሎ አያቱ ጋ ሄዷል" አላቸው። እውነቱ ግን እንጦጦን ተሻግሮ፣ የእናቴ ወንድም አጎቴ ቶሎሳ ቤት ነበር።

አጎቴ በፊት ገበሬ ነበር፤ ያኔ ግን ባሕር ዛፍ እየቆረጠ ከተማ አውርዶ ይሸጥ ነበር። እናቴ አባቴን አግብታ ስትሰልም ቤተ ዘመዶቿ ቢቀየሟትም፣ እሱ አልራቃትም። ከሥጋ በቀር ሁሉን አብረን እንበላለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ለጀማል ልብስና ከቤታችን የተሠራ ሥጋ የማደርሰው እኔ ነበርኩ፤ ትንሽ ልጅ የሚጠረጥር የለም። በፈረንሳይ ሰፈር በኩል አቀበቱን ስወጣ የረጠበ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ አፍንጫዬን ያቃጥለኛል። አጎቴ ከሩቅ ሲያየኝ "አከም ጅርቱ?" እያለ እንደ ትልቅ ሰው ሰላም ይለኛል። ጀማል ከጫካ መጥረቢያውን ይዞ ይወጣል። እጁ መጀመሪያ ውሃ ቋጠረ፣ ኋላም እንደ አጎቴ እጅ ሻከረ። ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ "ሶፊ ምን እየጻፈች ነው?" ብሎ ነው።

በሰኔ ሶፊያ ትልቅ ዜና ይዛ መጣች። ምሥራቅ ጀርመን ሄዶ ፕሮግራመርነት ለመማር መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ፈተና ተሰጥቶ ነበር። አንደኛ ወጣች። ያሾፉባት የነበሩት ፕሮግራመሮች እጇን ጨበጧት። የቀራት ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነው። ልታመጣ ስትሄድ ተከተልኳት። ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ሳይነሳ ማመልከቻዋን ሁለት ጊዜ አነበበ።

"ሶፊያ፣ አብዮቱ የተማረ ሰው ይፈልጋል" አላት። "ወታደርም ይፈልጋል። ወንድምሽን ይዘሽ ነይ፣ ደብዳቤሽን ይዘሽ ሂጂ።"

"ያለበትን አላውቅም።"

"እንግዲያው እኔም ማኅተሙ ያለበትን አላውቅም" አለና ማመልከቻውን መለሰላት።

ቤት ስንገባ ለእናቴ ነገረቻት። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ "ሁለታችሁም የሆዴ ልጆች ናችሁ፤ እኔን አትጠይቂኝ" አለች። ሶፊያ አልጠየቀቻትም። ደብዳቤው የሚገባበት ቀን በሐምሌ አጋማሽ ነበር። እሷ ግን ስለ ጀማል አንድም ቃል ሳትናገር ሥራዋን ቀጠለች።

ነገሩ በዚህ ባለቀ ነበር። ግን አጎቴ እንጨት ሊሸጥ ወርዶ ወሬውን ከእናቴ ሰማ፤ ለጀማልም ነገረው። ጀማል ልብሱን ቋጥሮ "በእኔ የተነሳ እህቴ አትቀርም፤ ወርጄ እጄን እሰጣለሁ" ብሎ ተነሳ። አጎቴ ለምኖ ሁለት ቀን አቆየውና ላከብን። ሶፊያ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ፣ እኔን አስከትላ ወጣች። ጉሙ መሬት ድረስ ወርዶ ነበር፤ ጭቃው ጫማዋን ሁለት ጊዜ አወለቀው።

ጀማል ደጃፍ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ሊስማት ሲል እጁን ያዘችው።

"ለምንድን ነው የምትወርደው? ደብዳቤውን እኮ ትናንት ሰጡኝ" አለችው።

"እንዴት ሰጡሽ?"

"አቶ ግርማ አማላጅ ገብተው።"

ጀማል ፊቷን ሲያይ ቆየ። "ወላሂ በይ።"

ሶፊያ በቀልድ እንኳ በአላህ ስም ምላ አታውቅም። "ወላሂ" አለችው፤ ዓይኗን ሳትሰብር። ጀማል አቅፏት ከመሬት አነሳት። አጎቴ እውነቱን ያውቅ ነበር፤ ፊቱን አዞረና እንጨት መፍለጥ ጀመረ። ስንመለስ ሶፊያ ቁልቁለቱ ላይ ቆማ "ከጠየቀሽ አዎ በይ። ሌላ ምንም እንዳትጨምሪ" አለችኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ብቻዬን ወጣሁ። ጀማል አጥሩ ጥግ ወስዶ አስቀመጠኝ።

"የምትሄድበት ቀን ታወቀ?"

አላውቅም ብል ውሸቱ የሚገለጥ መሰለኝ። እህቴን ያዳንኳት እየመሰለኝ፣ አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ። "ጳጉሜ ሦስት።"

"በፈረንጅ ስንት ይሆናል?"

"ሴፕቴምበር ስምንት" አልኩት፤ ሳላስብ።

ሳቀ። "አንቺንም ማሽን አደረገችሽ!" አለና ራሴን ደባበሰኝ። እንዲህ ያለ የተሟላ መልስ ውሸት ይሆናል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ከዚያ ክረምቱ በረታ። ቀበና ሞልቶ የሰዎች አጥር ወሰደ። ቀበሌው የሰፈሩን ልጆች በየቅዳሜው ለመዝሙር ልምምድ ይሰበስበን ስለጀመረ እንጦጦ መውጣት ተከለከልኩ፤ ስንቁን አጎቴ ሲወርድ ይወስድለት ጀመር። አጎቴ የነገርኩትን ቀን አያውቅም። ጀማል መውረዱን ቢናገር እንደሚከለክሉት ስለሚያውቅ ለማንም አልነገረም። እኔም አልነገርኩም። በነሐሴ ማለቂያ ጳጉሜ እየቀረበች መሆኗን አውቃለሁ። ለሶፊያ ልነግራት ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ነገር ጠየቅኳት። "ሌላ ምንም እንዳትጨምሪ" ብላኝ ነበር፤ ቁጣዋን ፈራሁ። ደግሞም ጀማል ይወርዳል ብዬ አላሰብኩም። መደበቅ ማለት መደበቅ ነው ብዬ ነበር።

ጳጉሜ ሦስት ቀን ጧት፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ከገበያ ሲመለሱ ዘንቢላቸውን በራችን ላይ ጣሉት። ትንፋሻቸው ተቆራርጧል። ቀበና ድልድይ ላይ አፈሳ ነበር፤ ወጣቱን ሁሉ እያገዱ መኪና ላይ ይጭናሉ። ጀማል የአጎቴን ጋቢ ለብሶ፣ እንጨት ተሸክሞ ሲያልፍ ያዙት። እትዬ ዘነበችን ሲያያቸው ከብብቱ አንድ የላስቲክ ከረጢት አውጥቶ ሰጣቸው።

"'ለሶፊ ያድርሱልኝ፤ አገሩ ብርድ ነው አሉ። አውሮፕላኑ ሳይነሳ ይድረሱባት' አለኝ" አሉ እትዬ ዘነበች። "የት ልትሄጂ ነው፣ ሶፊያ? ምነው ሳትነግሪን?"

ከረጢቱ ውስጥ ቡናማ የሱፍ ሹራብ ነበር። እንጨት ቆርጦ ባገኘው የገዛው ነው። ሶፊያ ሹራቡን እንደያዘች "የምን አውሮፕላን?" አለች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። "ቀን ማን ነገረው?"

እናቴ ራሷን ይዛ ወደ ድልድዩ ሮጣ ወጥታ ነበር። ቤት ውስጥ የቀረነው ሦስታችን ነን። እትዬ ዘነበች ሲወጡ ጓዳ ገብቼ ተንበረከክሁ፤ ሶፊያ ተከትላኝ ገባች። ነገርኳት። እንድትመታኝ ፈልጌ ነበር። አልመታችኝም። አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠችና "ውሸቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንቺ ቀን ብቻ ነው ያስገባሽበት" አለችኝ። ይህን ለእናቴና ለአባቴ አልነገረቻቸውም። እኔም አልነገርኳቸውም፤ ሁለቱም ሳያውቁት ሞቱ።

በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ሊቀመንበሩ አባቴን አስጠርቶ "ልጅህ ስለተገኘ የሶፊያን ደብዳቤ ውሰድ" አለው። አባቴ ወሰደው። "አንዳቸው እንኳ ይትረፉ" ብሎ ራሱ ይዞላት መሥሪያ ቤቷ ድረስ ሄደ። ቦታው በሐምሌ ተዘግቷል፤ በፈተናው ሁለተኛ የወጣው ልጅ ከሄደ ሳምንት አልፎታል። አባቴ ደብዳቤውን መልሶ ይዞ መጣ። ምን እንዳደረገው አላውቅም።

ከጀማል ሁለት ደብዳቤ መጣ። አንዱ ከማሠልጠኛ፣ አንዱ ከሰሜን። በሁለተኛው "ሶፊ ጀርመን ደረሰች ወይ?" ብሎ ጠይቋል። መልሱን እንዴት እንደምንጽፈው ሳንስማማ ከረምን። ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም። ደርግ ወድቆ ወታደሩ በእግሩ ሲመለስ፣ እናቴ ወር ሙሉ መንገድ ዳር ቆማ የእያንዳንዱን ፊት አየች። ሞተ የሚል ወረቀት የሰጠን የለም፤ ተቀምጠን ያለቀስንበት ቀንም የለንም።

የሶፊያ ፕሮግራም መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ብዙ ዓመት አገልግሏል። ማን ጻፈው ቢባል የሚያውቅ ግን አልነበረም። ካርዱን መብሳቷን ቀጠለች። ትናንሾቹ ኮምፒዩተሮች ሲመጡ ካርድ የሚበሳ አላስፈለገም፤ እሷንም መዝገብ ቤት አዛወሯት። ጡረታ የወጣችው ከዚያ ነው። አላገባችም። ዛሬ የካ ከእኔ ጋር ትኖራለች። እኔም ጉርድ ሾላ ትንሽ የፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቼ እተዳደራለሁ። ኮምፒዩተር ልማር ብዬ አንድ ጊዜ ተመዝግቤ ነበር። በሦስተኛው ቀን ተውኩት።

ልጄ ሰሚራ አስራ አምስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ ፓይተን የሚባለውን ቋንቋ ስትማር ሶፊያ አጠገቧ ምስር ትለቅም ነበር። ሰሚራ አንድ ነገር ጻፈች፤ ተሳሳተ፤ አስተካከለች፤ እንደገና ተሳሳተ፤ እንደገና አስተካከለች። ሁሉም ሻይ እስኪፈላ ድረስ እንኳ አልፈጀም። እኛ አንዲት ነጥብ መረሳቷን ለማወቅ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጠብቀን ነበር።

ሶፊያ ከሰፌዱ ቀና ብላ "ሰሚ፣ ይህን እንድትማሪ የፈቀደልሽ ማነው?" አለቻት።

"ማንም። ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ እኮ፣ አክስቴ። ከፍቶ መማር ብቻ ነው።"

"ማንንም ሳትጠይቂ?"

"ለምን እጠይቃለሁ?" ሰሚራ ሳቀች፤ ጥያቄው እንግዳ ሆነባት።

"እሰይ" አለች ሶፊያ። "እንዲህ ነው የሚሻለው።" ከልቧ ነበር ያለችው፤ ቅናት አልነበረበትም። ከዚያ ዓይኗን ወደ ምስሩ መለሰች። እጇ ግን ሰፌዱ ላይ እንደቆመ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ አንድም ጠጠር አላነሳችም።